«አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም

ባለፈው ሰሞን የተቋማችን የድራማ ክበብ አንድ ፊልም አሳይቶ ነበር። «አሳይቶ ነበር» ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከአዳራሹ የወጣው ሰው ከቀረው ይበልጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከወጡት አንዱ እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሻይ ቤት ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «ሼክስፒርን ገደሉት» ይላል፤ ሌላው «የእኛ እንግሊዝኛ ነው የሞተው» ብሎ ያሾፋል፤ ሦስተኛው «እንዲህ ያለውን ፊልም ለማየት ነው ወይ የጥናት ጊዜያችንን ያቃጠልነው?» ሲል ይጠይቃል። አሁን ደግሞ ክበቡ ፊልሙን እንደገና ያሳይ ወይስ ይተወው ብሎ የሁላችንንም አስተያየት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ጠይቋል። እኔ በበኩሌ ይታይ ባይ ነኝ። አቋርጦ የወጣ ሰው «ይታይ» ሲል ማፈር እንዳለበት አውቃለሁ። ቢሆንም ምክንያቴን ልዘርዝር፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ያልኩባቸው ሲቀሩ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ፊልሙ ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1987 ያዘጋጀው «ንጉሥ ሊር» ነው። ጎዳር በ2022 በ91 ዓመቱ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የፊልምን ሕግ በመጣስ የታወቀ ሰው ነበር። የዚህ ፊልም አመጣጥ ራሱ ተረት ይመስላል። በ1985 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ጎዳርና የካነን ፊልም ኩባንያ ባለቤት መናኽም ጎላን ተገናኙ፤ ውላቸውንም በገበታ ናፕኪን ላይ ጽፈው ተፈራረሙ። ካነን በድብድብና በተኩስ ፊልሞቹ የሚታወቅ ድርጅት ነበር። ጎላን የፈለገው በታላቅ ስም ላይ ታላቅ ስም ደርቦ የሚያስከብረውን ሥራ ነበር፤ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ጎላን «ፊልሙ የት ደረሰ?» እያለ በስልክ ሲወተውት ጎዳር ድምፁን ቀድቶ አስቀረና በዚያው ፊልም መክፈቻ ላይ አስገባው!

ድርሰቱን እንዲጽፍና ሊርን ሆኖ እንዲጫወት የተቀጠረው ታዋቂው አሜሪካዊ ደራሲ ኖርማን ሜይለር ነበር። እሱና ልጁ በመክፈቻው ትንሽ ታይተው፣ ያውም ያችኑ አንዲት ትርኢት ሁለቴ ደግመው፣ ሥራውን ጥለው ሄዱ። ጎዳርም ጉድለቱን አልደበቀም። እንዳለ አሳየን። የሊርን ቦታ በርጀስ ሜረዲት ወሰደ፤ በፊልሙ ውስጥ ንጉሥ አይደለም፣ ያረጀ የወንበዴዎች አለቃ ነው። የትንሿን ልጁን የኮርዴሊያን ቦታ የያዘችው ሞሊ ሪንግዋልድ ነች። ሁለቱ ታላላቅ እህቶች በአካል አይታዩም፤ ከሩቅ የሚልኩት መልእክት ብቻ ነው የሚደርሰው። ታሪኩ የሚካሄደው በስዊዘርላንድ፣ በኒዮን ከተማ፣ በሐይቅ ዳር በሚገኝ ሆቴል ነው።

የታሪኩ መነሻ ግን ለእኛ ለመምህራን የተጻፈ ይመስላል። ጊዜው የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ (ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.) ከፈነዳ በኋላ ነው። በፊልሙ ዓለም ከፍንዳታው በኋላ መብራቱም፣ መኪናውም፣ ቤቱም ቀስ በቀስ ተመልሷል። ያልተመለሰው መጽሐፉና ኪነ ጥበቡ ነው፤ ሁሉም ከሰው ልብ ጠፍቷል። ፒተር ሴላርስ የሚጫወተው አንድ ወጣት፣ የሼክስፒር አምስተኛ ትውልድ ነኝ የሚል፣ የቅድመ አያቱን ሥራዎች ከየሰው አፍ ለቅሞ እንዲያድን ተልኳል። ሆቴሉ ውስጥ ሾርባውን እየጠጣ፣ በጎን ጠረጴዛ የተቀመጡት ሽማግሌና ልጃገረድ ሲነጋገሩ ጆሮውን ይጥላል፤ ከአፋቸው የወጣውንም በማስታወሻው ይጽፋል። እነሆ «ንጉሥ ሊር» ከወሬ መሐል ብቅ ይላል።

አይ ሰው መሆን! ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከአዳራሹ ከወጣሁ በኋላ ነው። በዚያ ምሽት የሰማሁት የወፍ ጩኸት ብቻ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የባሕር ወፎች ጩኸት በሰዎች ንግግር ላይ ተደርቦ ይሰማል፤ ድምፅ ይዘገያል፤ ሥዕሉ ቆሞ በጽሑፍ ይተካል። ጎዳር ራሱ በፀጉሩ ፋንታ የኤሌክትሪክ ገመድ አንጠልጥሎ እንደ አንድ እብድ ፕሮፌሰር ይመጣል። በመጨረሻም ዉዲ አለን ፊልሙን በመርፌና በክር ሲሰፋ እናያለን። ይህን አይቶ «ምንድን ነው?» ያለ ሰው ሊወቀስ አይገባውም።

አንዴ አይቶ ከመፍረድ

ፊልሙ በ1987 በካን ሲታይ ብዙ ሐያሲ አልወደደውም። አሜሪካ ውስጥ በ1988 መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ጠፋ። በጎዳር በራሱ አገር፣ በፈረንሳይ፣ በሲኒማ ቤት ለሕዝብ የቀረበው በ2002 ነው፤ ማለትም ከ15 ዓመት በኋላ። በዚህ መሐል ግን አንዳንድ ሰዎች ሳይተዉት ቆዩ። የኒው ዮርከር መጽሔት ሐያሲ ሪቻርድ ብሮዲ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ታላላቅ ፊልሞች መካከል አድርጎ ይቆጥረዋል። በመጨረሻም በየካቲት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፊልሙን አድሶና አጽድቶ፣ ከቃለ ምልልሶች ጋር በዲስክ አወጣው። ክራይቴሪዮን ከ1984 ጀምሮ የዓለምን የተመረጡ ፊልሞች ለቤት ተመልካች ሲያሳትም የኖረ ነው። በክበባችን እጅ የገባውም ይኸው ዲስክ ነው።

ዲስክ መሆኑ ምን ለውጥ ያመጣል? ትልቅ ለውጥ ያመጣል! በሲኒማ ቤት ፊልም እንደ ወንዝ ነው፤ ካለፈህ አለፈህ። በ1987 አንድ ሐያሲ 90 ደቂቃ ተቀምጦ አይቶ፣ ሆቴሉ ገብቶ፣ ለነገ ጋዜጣ መጻፍ ነበረበት። ዲስክ ግን እንደ መጽሐፍ ነው። ታቆመዋለህ፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፣ ያልሰማኸውን ቃል ትሰማለህ፣ ከጓደኛህ ጋር ትከራከርና ደግመህ ትከፍተዋለህ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከክበቡ ኃላፊዎች ዲስኩን ተውሼ በሦስት ምሽት፣ በቁርጥራጭ አየሁት። በመጀመሪያው ምሽት ተናደድሁ። በሁለተኛው ምሽት ብዕር አነሣሁ። በሦስተኛው ምሽት የሼክስፒርን ድርሰት ከመደርደሪያ አወረድሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ይህ አይደል?

«ሼክስፒርን ገደሉት» ለሚሉ

ለዋናው ድርሰት መቆርቆር መልካም ነው። ይሁን እንጂ የዋናውን ድርሰት ታሪክ እንመልከት። ሼክስፒር «ንጉሥ ሊር»ን የጻፈው በ1605 እና በ1606 አካባቢ ነው። ከእሱ በፊት ስለዚሁ ንጉሥ የሚናገር ሌላ ተውኔት ነበር፤ በ1605 ታትሟል። በዚያ አሮጌ ተውኔት ንጉሡ ዙፋኑን መልሶ ያገኛል፤ ነገሩ በደስታ ያልቃል። ሼክስፒር ነው መጨረሻውን ለውጦ ልጅቱን የገደላትና ሽማግሌውን ከሬሳዋ ጋር ያስለቀሰው። ስለዚህ የመጀመሪያው «አበላሺ» ሼክስፒር ራሱ ነው ማለት ነው!

በዚህም አላበቃም። በ1681 ናሆም ቴት የተባለ ደራሲ የሼክስፒርን መጨረሻ እንደገና ለወጠው፤ ሊርም ኮርዴሊያም እንዲተርፉ አደረገ፣ የቤተ መንግሥቱን ቀልደኛም ጨርሶ አወጣው። የእንግሊዝ ሕዝብ 150 ዓመት ያህል በመድረክ ላይ ሲያየው የኖረው ይህንኑ የተጣፈጠ ሊር ነበር። ቀልደኛው ወደ መድረክ የተመለሰው በ1838 ተዋናዩ ዊልያም ማክሪዲ ባዘጋጀው ትርኢት ነው። ታዲያ በነዚያ 150 ዓመታት ሼክስፒር ሞተ ወይ? አልሞተም። መጽሐፉ ስለነበረ ተመልሶ መጣ። በቅርብ ዘመንም ቢሆን የሶቪየቱ ግሪጎሪ ኮዚንትሴቭ በ1971 በፓስተርናክ ትርጉምና በሾስታኮቪች ሙዚቃ፣ እንግሊዛዊው ፒተር ብሩክ በዚያው ዓመት፣ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ደግሞ በ1985 ሦስቱን ሴቶች ልጆች በሦስት ወንዶች ልጆች ተክቶ ይህንኑ ታሪክ በፊልም ሠርተውታል። የእኛው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ ሲያቀርቡልን የእንግሊዝኛውን ቃል በመቁጠር ብቻ ሳይሆን በራሳቸው የግጥም ምት ነበር። ይህን የሚያከብር ሰው ጎዳርን «ለምን ነካካህ?» ብሎ ሊከሰው አይችልም። ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ነካክተህ ምን አሳየኸን?

ያሳየን ነገር

አንዲት ነገር ብቻ ልጥቀስ። የድርሰቱን የመጀመሪያ ትርኢት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽማግሌው ንጉሥ ግዛቱን ለሦስት ልጆቹ ሊያካፍል ፈልጎ፣ «ማን ይበልጥ ትወደኛለች?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ታላላቆች ምላሳቸውን በማር ለውሰው ያወድሱታል፤ ድርሻቸውንም ይወስዳሉ። ትንሿ ግን የምትጨምረው ነገር እንደሌላት በአንዲት ቃል ትመልሳለች። ከውርስ ተነቀለች። «ንጉሥ ሆይ፣ ተሳስተሃል» ያለው ታማኙ ኬንትም ከአገር ተባረረ።

ጎዳር ይህችን የ«ምንም» ቃል ይዞ አይለቅም። የእንግሊዝኛውን ቃል ለሁለት ሰንጥቆ በስክሪኑ ላይ ደጋግሞ ይጽፈዋል፤ ግማሹ «የለም» ይላል፣ ግማሹ «ነገር» ይላል። በመጀመሪያ የቃል ጨዋታ መሰለኝ፤ ሰለቸኝም። በሦስተኛው ምሽት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ኮርዴሊያ ዝም ስትል ዝምታዋ ባዶ አይደለም፤ ውስጡ ነገር አለበት። ሽማግሌው ጥያቄውን ሲጠይቅ መልሱን አስቀድሞ ወስኖታል። የሚፈልገው መልስ አይደለም፤ ጭብጨባ ነው። ፊልሙ እኛንም በሽማግሌው ወንበር ላይ ያስቀምጠናል። «ገባኝ፣ ደስ አለኝ» ለማለት ተዘጋጅተን መጥተን፣ ፊልሙ እንደ ኮርዴሊያ አላወድስህም ይለናል። እኛም ተቆጥተን እንወጣለን። እኔ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊርን ሆኜ ወጣሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተማር ልምምድ ላይ የነበረ አንድ እጩ መምህር ለመገምገም ከአንድ አራተኛ ክፍል በስተኋላ ተቀምጬ ነበር። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው። እጩው ጥቁር ሰሌዳውን አሳምሮ ጽፎ ሲያበቃ ዞር አለና «ገባችሁ?» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ይህችን ጩኸት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት የተቀመጠ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ «እኔ አልገባኝም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እጩው መምህር «ተቀመጥ፣ ሌሎቹ ገብቷቸዋል» አለው። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቀና አላለም።

እኔ ምን አደረግሁ? በመገምገሚያ ቅጹ ላይ «ክፍሉን በሚገባ ይቆጣጠራል» ብዬ ጻፍሁ፤ ጥሩ ነጥብም ሰጠሁ። ልጁን ረሳሁት። እሱን ያስታወሰኝ የጎዳር ፊልም ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ጎነሪልና ሬጋን አርባ ያህል ነበሩ፤ ኮርዴሊያ አንድ ብቻ ነበር። እጩው ሊርን ሆኖ ነበር። ኬንት ሆኜ «ተሳስተሃል» ማለት የሚገባኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ፤ እኔን እኮ ማንም ከአገር አያባርረኝም ነበር! ለዚያ ልጅ ዕዳ አለብኝ፤ ዕዳውንም በዚህ ሰሌዳ ላይ እመዘግባለሁ።

ተቃውሞዎቹም መልስ ይሻሉ

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው እያልሁ አይደለም። አንዳንዱ ቀልድ ለጎዳር ወዳጆች ብቻ የተቀለደ ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ ስለታፈነ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው እንኳ ይቸገራል፤ ለእኛማ እጥፍ ድርብ ነው። የጥናት ጊዜ ውድ ነው የሚለውም እውነት ነው። የመሣሪያውም ጉዳይ አለ፦ በአሜሪካ የታተመ ዲስክ ለዚያ ክልል ስለሚቆለፍ የክበቡ ማጫወቻ «አላነብም» ብሎ የነበረውና፣ የሁሉንም ክልል የሚያነብ ማጫወቻ ከአንድ መምህራችን ቤት በትከሻ የመጣው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ድካም ለአንድ ግራ የሚያጋባ ፊልም ማዋል ተገቢ ነው ወይ? የሚል ሰው ሞኝ አይደለም።

ግን አስቡት። እኛ የምናሠለጥነው ነገ ልጆች ፊት የሚቆም ሰው ነው። ያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ «ሀ» ራሱ የጎዳር ፊልም መሆኑን ማወቅ አለበት። አዋቂ ሰው ስንሆን አለማወቅ ምን እንደሚመስል እንረሳለን። በአዳራሹ ውስጥ የተሰማን መጨነቅ፣ «ሌላው ሁሉ ገብቶት እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» የሚለው ፍርሃት፣ ከዚያም ቁጣው፣ ከዚያም ጥሎ መውጣቱ፣ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። ልዩነቱ ልጁ ተነሥቶ መውጣት አይችልም። እኛ በሩ ክፍት ነበር።

ምን ይደረግ?

ተቃውሞ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ይቅረብ ስለተባለ የእኔን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የተውኔቱ የመጀመሪያ ትርኢት በአማርኛ ተመልሶ በክበቡ አባላት በመድረክ ይነበብ። ትርጉሙን ሦስተኛ ዓመቶች ይሥሩት፤ መምህራን እናግዛለን። ባለፈው ጊዜ ትልቁ ስሕተት ሥሩን ሳናሳይ ቅርንጫፉን ማሳየታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ በአንድ ምሽት አይታይ። ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ተደርጎ በሦስት ምሽት ይከፈል። ሪሞቱ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ «አቁም!» የማለት መብት ግን የተመልካቹ ሁሉ ይሁን። ለዚህ ነው ዲስክ የተፈጠረው።

ሦስተኛ፣ ከየምሽቱ በኋላ እያንዳንዱ ተመልካች በግማሽ ገጽ ያልገባውን ነገር ይጻፍ። የገባውን አይደለም፣ ያልገባውን! ጽሑፎቹ ስም ሳይጻፍባቸው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ። መምህራንም እንጽፋለን። የመጀመሪያውን እኔ እጽፋለሁ፤ ይዘቱም ከአሁኑ ታውቋል፦ ያ ገመድ የተንጠለጠለበት ፕሮፌሰር በመጨረሻ ምን ሊነግረን እንደፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ አድርገንም ፊልሙን የጠላ ሰው ይጥላ። ምክንያቱን ጽፎ ይለጥፍ። ዓላማው ጎዳርን ማስወደድ አይደለም። አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ ከዚያ የጠላ ሰው የራሱ ፍርድ አለው፤ በግማሽ ሰዓት የወጣ ሰው ግን ያለው ንዴት ብቻ ነው።

እጩ መምህራን በመጪው ወር ወደ ማስተማር ልምምድ ትወጣላችሁ። የትምህርት ዕቅዳችሁ ይሰናዳል፣ ጠመኔና የትምህርት መርጃ መሣሪያዎቻችሁ ይዘጋጃሉ። አደራ የምላችሁ ነገር ቢኖር አንድ ነው። «ገባችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምትፈልጉት ጭብጨባ መሆን አለመሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» የሚል ልጅ ከተገኘ ደግሞ ግዛታችሁን ለእሱ አካፍሉት፤ የክፍሉ ታማኝ ልጅ እሱ ነውና። እኛ ገምጋሚዎችም በቅጻችን ላይ ያንን እጅ የምንመዘግብበት አንድ መስመር እንጨምር።

ፊልሙ የሚታይበት ቀን ሲወሰን በዚሁ ሰሌዳ ይገለጣል። እኔ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ መውጣት ያሳፍራልና።